ነፋስና ፀሐይ ሲበዙ መብራት እንዳይጠፋ የቱ ይሻላል? ግድብ፣ ባትሪ፣ ጋዝ ወይስ መስመር

ጳጉሜን 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 6 ቀን 2024፣ ኬንያ ውስጥ በአብዛኛው አገር መብራት ጠፋ። ነገሩ የጀመረው ሱስዋ ከሚባለው ማከፋፈያ ጣቢያ ነው። ከቱርካና ሐይቅ የነፋስ ማመንጫ 288 ሜጋ ዋት ይዞ የሚመጣው መስመር እዚያ ላይ ተቋረጠ። እሱን ተከትሎ ከእኛው ወላይታ ሶዶ ተነስቶ ሱስዋ የሚገባው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመርም ወጣ። ያኔ 200 ሜጋ ዋት ተሸክሞ ነበር። በአጭር ጊዜ ውስጥ 488 ሜጋ ዋት ጠፋ ማለት ነው፤ የአገሩ ከፍተኛ ፍላጎት 2,300 ሜጋ ዋት እንኳ ባልሞላበት ዘመን።

እንዲህ ዓይነት ነገር በተፈጠረ ቁጥር ክርክሩ ያው ነው። አንዱ «ነፋስ አይታመንም» ይላል። ሌላው «ትልቅ ባትሪ ይገዛ» ይላል። ሌላው ደግሞ ጋዝ ቢኖር ኖሮ ይላል። ሁሉም እንደሚተካኩ ዕቃዎች ነው የሚወራላቸው። አይተካኩም። አንዱ የሚሠራው ለሰከንድ ነው፣ ሌላው ለሰዓት፣ ሌላው ለወራት። ይህን ሳይለዩ መግዛት ብዙ ገንዘብ አውጥቶ መልሶ ጨለማ ውስጥ መቀመጥ ነው።

ስለዚህ የማንንም ኩባንያ ዕቃ ሳላወድስ አማራጮቹን ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። በዘርፉ ለምትማሩ፣ በክልልም ሆነ በፌዴራል ደረጃ ውሳኔ ላይ ለምትቀመጡ፣ ፋብሪካ ለምትመሩ፣ ወይም ነገሩን በደንብ ለመረዳት ለምትፈልጉ ነው። ከዚህ በታች ዓ.ም. ካላልኩ ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።

በመጀመሪያ፣ የሚበላሸው ምኑ ነው?

ግሪድ ላይ፣ ማለትም ማመንጫዎችንና ተጠቃሚዎችን በሚያገናኘው የመስመር መረብ ላይ፣ የሚመነጨውና የሚበላው ኃይል በየሰከንዱ እኩል መሆን አለበት። እኩል መሆኑን የሚነግረን ፍሪኩዌንሲው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚያሳየው ቁጥር ነው። በእኛ አገር 50 ኸርዝ ነው። አንድ ትልቅ ማመንጫ ድንገት ሲወጣ ፍሪኩዌንሲው ይወርዳል። በጣም ከወረደ የቀሩት ማመንጫዎች ማሽናቸውን ለማዳን እነሱም ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ሁሉም ይወድቃል።

ይህን አወራረድ የሚያዘገየው ኢነርሺያ ነው። ወፍጮ ቤት አይታችሁ ከሆነ፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ድንጋዩ ለትንሽ ጊዜ እየዞረ ይፈጫል። የግድብና የእንፋሎት ተርባይኖችም እንደዚያው ናቸው፤ ክብደታቸው እየዞረ ለግሪዱ ጥቂት ሰከንድ ይሰጠዋል። የፀሐይ ፓነልና አብዛኛው ዘመናዊ የነፋስ ተርባይን ግን ከግሪዱ ጋር የሚገናኙት በኢንቨርተር ነው፤ ኃይሉን ለግሪዱ እንዲስማማ የሚቀይር፣ የሚዞር ክብደት የሌለው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ነው። ይህን ትንፋሽ በራሳቸው አይሰጡም። ነፋስና ፀሐይ ሲበዙ የሚመጣው የመጀመሪያው ችግር ይህ ነው፤ «ማታ ፀሐይ የለም» የሚለው ሁለተኛው ነው።

አማራጮቹን የምመዝንባቸው አምስት ነገሮች እነዚህ ናቸው፦

ፍጥነት። ችግሩ ሲፈጠር በስንት ሰከንድ ይደርሳል?

ቆይታ። ከደረሰ በኋላ ለስንት ጊዜ ይሸከማል?

ኢነርሺያና ቮልቴጅ። ግሪዱን ያጠነክራል ወይስ ኃይል ብቻ ነው የሚያቀብለው?

ወጪና የግንባታ ጊዜ። ገንዘቡ ዶላር ነው ወይስ ብር? ዛሬ ቢወሰን መቼ ይሠራል?

አብሮ መውደቅ። ችግሩ በመጣበት ቀን እሱም አብሮ ይወድቃል ወይ? ይህ የመጨረሻው መመዘኛ በሻጭ ወረቀት ላይ አይገኝም። እኔ ግን ከሁሉም በላይ ክብደት የምሰጠው ለእሱ ነው። ሱስዋ ላይ የሆነውም ይኸው ነው፤ ነፋሱን የሚያመጣውም፣ ከጎረቤት አገር የሚገባውም መስመር የተገናኙት አንድ ጣቢያ ላይ ነበር።

ግድብ

የእኛ ግሪድ የተሠራው በውሃ ነው። ሕዳሴ 5,150 ሜጋ ዋት ነው፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ግልገል ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋ ዋት ነው። ነፋሱ ከዚህ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፦ አሸጎዳ 120፣ አዳማ አንድ 51፣ አዳማ ሁለት 153፣ አይሻ 120 ሜጋ ዋት።

ብዙ ሰው ግድብን እንደ ማመንጫ ብቻ ነው የሚያየው። እኔ ግን ነፋስና ፀሐይ ለሚጨምር አገር የግድቡ ትልቁ ጥቅም ማከማቻነቱ ነው ባይ ነኝ። ነፋሱ ሲነፍስ የግድቡን ተርባይን ትቀንሳለህ፣ ውሃው ግድቡ ውስጥ ይቀመጣል። ነፋሱ ሲተኛ ተርባይኑን ትከፍታለህ። ምንም ዓይነት ባትሪ ሳትገዛ የነፋሱን ኃይል በውሃ መልክ አስቀመጥከው ማለት ነው። ከማንኛውም ባትሪ በላይ ደግሞ ይቆያል፤ የዛሬ ሳምንትም፣ የዛሬ ሦስት ወርም ልትጠቀምበት ትችላለህ።

እኛ ጋ ደግሞ ወቅቱም ያግዛል። ክረምት ላይ ዝናቡ ግድቡን ይሞላል፣ ነፋሱ ይደክማል። በጋ ላይ ወንዙ ይቀንሳል፣ ነፋሱ ይበረታል፣ ሰማዩም ጥርት ይላል። አንዱ ሲጎድል ሌላው የሚሞላበት እንዲህ ያለ አቀማመጥ ያለው አገር ብዙ አይደለም። ብዙዎች በገንዘብ የሚፈልጉትን እኛ በተፈጥሮ አግኝተነዋል።

ፍጥነቱም ደህና ነው። ቀድሞ እየዞረ ያለ ተርባይን በሰከንዶች ውስጥ ጭነት ይጨምራል። ኢነርሺያ አለው፣ ቮልቴጅ ይቆጣጠራል። አገር ሙሉ ሲጠፋም ከውጭ ኃይል ሳይፈልግ ራሱን አስነስቶ ሌላውን ማስነሳት ይችላል።

ድክመቱ ድርቅ ነው። ግንቦት 2011 ዓ.ም. የሆነውን የሚያስታውስ ያስታውሳል። የጊቤ ሦስት ውሃ ወረደ፣ 476 ሜጋ ዋት ያህል ጎደለ፣ አገሩ በፈረቃ ገባ፣ ወደ ሱዳንና ጅቡቲ የሚላከውም ቆመ። ድርቅ ሲመጣ አንድ ግድብ ብቻ አይነካም፤ በአንድ ተፋሰስ ላይ ያሉት ሁሉ አብረው ይጠማሉ። አባይና ኦሞ የተለያየ ተፋሰስ መሆናቸው አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ሌላም አለ። ውሃውን በየሰዓቱ ከፍና ዝቅ ማድረግ ከግድቡ በታች በወንዙ ዳር የሚኖረውን ሰው ይነካል። ይህ በስሌት ውስጥ መግባት ያለበት እውነተኛ ወጪ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሲዘለል አያለሁ።

ባትሪ

ስለ ባትሪ ሲነሳ ሁሉም የሚጠቅሰው ደቡብ አውስትራሊያን ነው። ታሪኩ ግን ብዙ ጊዜ በግማሽ ነው የሚነገረው።

ሴፕቴምበር 28 ቀን 2016 ከባድ ማዕበል የማስተላለፊያ ማማዎችን ጣለ። ቮልቴጁ በተከታታይ ተንገዳገደ። በርካታ የነፋስ ማመንጫዎች ቮልቴጅ ደጋግሞ ሲወርድ ምርታቸውን እንዲቀንሱ ተደርገው የተቀናበሩ ነበሩ፤ የግሪዱ አስተዳዳሪ ይህን ቅንብር አያውቅም ነበር። ከሰባት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ 456 ሜጋ ዋት ቀነሰ። ከቪክቶሪያ ግዛት የሚገባው መስመር ጉድለቱን ልሙላ ሲል ከአቅሙ በላይ ተጫነና እሱም ወጣ። 850 ሺህ ያህል ደንበኛ ጨለማ ውስጥ ገባ፣ ግዛቲቱ በሙሉ።

በዓመቱ ሆርንስዴል ላይ በዚያን ጊዜ በዓለም ትልቁ የሊቲየም ባትሪ ተተከለ፤ ዲሴምበር 2017 ሥራ ጀመረ። 100 ሜጋ ዋት፣ 129 ሜጋ ዋት ሰዓት። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ልብ በሉ። የመጀመሪያው በአንድ ጊዜ ስንት እንደሚሰጥ ነው። ሁለተኛው በሆዱ ስንት እንዳለው ነው። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ስታካፍሉት በሙሉ ኃይሉ የሚቆየው አንድ ሰዓት ከሩብ ትንሽ አለፍ ቢል ነው። ይህ ባትሪ አንድን ግዛት ሌሊቱን ሙሉ አያበራም፤ ለዚያም አልተገዛም። ሥራው በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ፍሪኩዌንሲውን መያዝ ነው፤ በዚያ ሥራ የሚስተካከለው የለም ማለት ይቻላል። ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል።

ሁለተኛው የባትሪ ሥራ የማታውን ጫና መሸከም ነው። ካሊፎርኒያ ቀን ላይ የፀሐይ ኃይል ይተርፋታል። ማታ ሰው ቤቱ ሲገባ ፀሐይዋም አብራ ትሄዳለች። በ2024 የባትሪ አቅሟ 10,000 ሜጋ ዋት አለፈ፣ አብዛኛው ለአራት ሰዓት የሚሆን ነው። ቀን ይሞላል፣ ማታ ይለቃል። ከገባው ኃይል ከ85 እስከ 90 በመቶ ያህሉን ይመልሳል።

ዋጋው በጣም ወርዷል። በ2010 የአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት የሊቲየም ባትሪ ጥቅል በአማካይ ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር፣ በ2024 ወደ 115 ዶላር ወርዷል። ይህ ግን የጥቅሉ ብቻ ነው። ኢንቨርተሩ፣ ትራንስፎርመሩ፣ ማቀዝቀዣው፣ የእሳት መከላከያው፣ ተከላው ሲጨመር ሌላ ቁጥር ይሆናል። ለእኛ ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም በውጭ ምንዛሪ ነው። ሙቀት ዕድሜውን ይበላዋል፤ አፋር ወይም ሶማሌ ክልል የሚተከል ባትሪ ማቀዝቀዣው ራሱ ኃይል ይበላል። እሳትም አለ። ጃንዋሪ 2025 ካሊፎርኒያ ሞስ ላንዲንግ የተነሳው ቃጠሎ በአካባቢው የነበረውን ሕዝብ ከቤቱ አስወጥቷል።

ባትሪ የማይችለው ነገር ወቅት ነው። ድርቅ ሦስት ወር ሲቆይ የአራት ሰዓት ባትሪ ምንም አይፈይድም። ይህን የሚሸጥላችሁ ሰው ላይነግራችሁ ይችላል።

ውሃን መልሶ ወደ ላይ መግፋት

ፓምፕድ ስቶሬጅ ይባላል። ሁለት ኩሬ ነው፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ኃይል ሲተርፍ ውሃውን ወደ ላይ ትገፋለህ፣ ሲጎድል ትለቀዋለህ። ዌልስ ያለው ዲኖርዊግ ከ1984 ጀምሮ ይሠራል፣ 1,728 ሜጋ ዋት ነው፣ ከተዘጋጀ በሰከንዶች ውስጥ ይደርሳል። ደቡብ አፍሪካ ኢንጉላ አላት፣ 1,332 ሜጋ ዋት። ከገባው ኃይል ከ20 እስከ 30 በመቶ ያህሉ ይባክናል። ዕድሜው ግን ከባትሪ ብዙ እጥፍ ነው።

ከኢንጉላ የሚወሰድ ትምህርት አለ። ደቡብ አፍሪካ ይህን የመሰለ ማከማቻ ይዛ ለዓመታት በፈረቃ ኖራለች። ምክንያቱም ማከማቻ ኃይል አይፈጥርም። የሚገፋበት ትርፍ ኃይል ከሌለ ላይኛው ኩሬ ባዶውን ይቀመጣል። ባትሪም እንዲሁ ነው።

ለእኛ አሁን የሚያስቸኩል አይመስለኝም። ትልልቅ ግድቦች ያሉት አገር ውሃውን መልሶ ከመግፋቱ በፊት መጀመሪያ አለመልቀቅ ይችላል።

ጋዝ

ጋዝ የሚመረጠው በሁለት ምክንያት ነው፤ ደመናና ነፋስ አይጠብቅም፣ ነዳጅ እስካለው ድረስ ይቆያል። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የሚነሱ ተርባይኖች አሉ። ኢነርሺያም አላቸው።

«ጋዝ ካለ አይጠፋም» የሚለውን ግን ቴክሳስ ፌብሩዋሪ 2021 አፍርሶታል። በረዶ ሲመጣ የጋዝ ጉድጓዶቹ፣ ቧንቧዎቹና ማመንጫዎቹ አብረው ቀዘቀዙ። ነፋሱም ቀንሷል፣ ትልቁ ጉድለት ግን የጋዝ ነበር። ግሪዱ ሙሉ በሙሉ ሊወድቅ 4 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ቀርቶት ነው የተረፈው። ሚሊዮኖች ለቀናት ያለ መብራትና ያለ ማሞቂያ ቀሩ፣ የግዛቱ መንግሥት ያመነው የሟቾች ቁጥር ብቻ 246 ነው። አብሮ መውደቅ የምለው ይህንን ነው። ብርዱ ፍላጎቱን ከፍ ያደረገውም፣ ማመንጫውን ያቆመውም አንድ ቀን ነው።

ሶማሌ ክልል ካሉብ ላይ ጋዝ አለን የሚል ይኖራል። አለ። ግን ጋዙን ወደ ኃይል ለመቀየር ማመንጫ፣ ቧንቧና መስመር ይፈልጋል። ለድርቅ ዓመት መጠባበቂያ ይሁን ቢባል ሊያስማማን ይችላል፣ ለዕለት ተዕለት ማመጣጠኛ ግን ግድብ ላለው አገር ውድ ነው።

የጎረቤት መስመር

ይህ በእኔ ሚዛን ከግድብ ቀጥሎ ያለው ነው። ነፋሱ እኛ ጋ ሲተኛ ኬንያ ሊነፍስ ይችላል። የእኛ ዋናው ዝናብና የታንዛኒያ ዋናው ዝናብ በአንድ ወር አይመጣም። ከሶዶ ሱስዋ ያለው መስመር 1,045 ኪሎ ሜትር ነው፣ አቅሙ 2,000 ሜጋ ዋት ነው። ንግዱ በ2022 መጨረሻ ሲጀመር ግን ውሉ 200 ሜጋ ዋት ነበር። ማለትም ተሠርቶ ያለቀ ብዙ አቅም አለ፤ የሚጎድለው ኃይሉን ከሁለቱም ጫፍ ተቀብሎ የሚያደርሰው የውስጥ መስመርና የሁለት ወገን ስምምነት ነው።

መስመር ግን በራሱ መድን አይደለም። ደቡብ አውስትራሊያ የሚገባው መስመር በክፉ ቀን ወጣ፣ የሱስዋውም ወጣ። በአንፃሩ ስፔንና ፖርቱጋል ኤፕሪል 28 ቀን 2025 እኩለ ቀን ላይ ሙሉ በሙሉ ሲጨልሙ፣ መልሶ ለማስነሳት ከፈረንሳይና ከሞሮኮ የመጣው ኃይልና የውሃ ማመንጫዎች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ስለዚህ ደንቡ ቀላል ነው፦ ከአንድ መስመር የሚገባው ኃይል ድንገት ቢጠፋ ያለው መጠባበቂያ ሊሸፍነው ከሚችለው በላይ መሆን የለበትም። ከበለጠ ወይ መጠባበቂያ ጨምር፣ ወይ ሁለተኛ መስመር በሌላ ጣቢያ አስገባ።

የስፔኑ ነገር ሌላም ያስተምራል። እዚያ ኃይል አልጎደለም። ቮልቴጅ ከሚገባው በላይ ወጣ፣ ማመንጫዎች ተከታትለው ወጡ፣ በአምስት ሰከንድ ውስጥ 15,000 ሜጋ ዋት ያህል ጠፋ። ብዙ ሰው «ፀሐይ ስለበዛ ነው» ብሎ ዘጋው። ይበልጥ ትክክለኛው ጥያቄ ቮልቴጁን ማን እየተቆጣጠረ ነበር የሚለው ነው።

ለቮልቴጅና ለኢነርሺያ ብቻ የሚገዙ ማሽኖች

ሲንክሮነስ ኮንደንሰር የሚባል ማሽን አለ። ነዳጅ የማይበላ፣ ኃይል የማያመነጭ፣ ከግሪዱ ጋር ተያይዞ የሚዞር ከባድ ማሽን ነው። ኢነርሺያ ይሰጣል፣ ቮልቴጅ ይይዛል። ደቡብ አውስትራሊያ በ2021 አራት አስገብታለች። ስለ ባትሪዋ የሚያወራ ሰው ይህን ግማሽ ነው የሚዘለው። ከዚህ ሌላ ራሱ ቮልቴጅና ፍሪኩዌንሲ መፍጠር የሚችል ግሪድ ፎርሚንግ የሚባል ኢንቨርተር አለ። አዲስ የሚገዛ ባትሪ ይህ ያለው መሆኑን ሳያረጋግጡ ባይፈርሙ ይሻላል።

ፍላጎቱን ማንቀሳቀስ

ከሁሉም ርካሹ ይህ ነው፣ ከሁሉም የተረሳውም ይህ ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንለይ። ፈረቃ የፍላጎት አስተዳደር አይደለም። ፈረቃ ማለት ሳይጠየቅና ሳይከፈለው መብራት የተቆረጠበት ሰው ማለት ነው። የፍላጎት አስተዳደር ግን በውል ነው፦ ፋብሪካው በተጠየቀ ጊዜ ይቀንሳል፣ ለዚያም ይከፈለዋል ወይም ታሪፍ ይቀነስለታል።

ቴክሳስ ውስጥ ቢትኮይን የሚያወጡ ማዕከሎች በጭንቅ ሰዓት ማሽኖቻቸውን አጥፍተው ገንዘብ ይቀበላሉ። እኛም ጋ እነዚህ ማዕከሎች አሉ፣ በዶላር እየከፈሉ ብዙ ኃይል ይወስዳሉ። በውላቸው ውስጥ «ፍሪኩዌንሲ ሲወርድ በሰከንዶች ውስጥ ይጠፋሉ» የሚል አንቀጽ ከገባ፣ አንድም ባትሪ ሳይገዛ ትልቅ መጠባበቂያ ተገኘ ማለት ነው። ሲሚንቶ ፋብሪካም፣ የውሃ ፓምፕም እንዲሁ ሊዋዋል ይችላል።

ወደ ቤት ስንመጣ፣ አንድ የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል። አንድ ሰፈር በአንድ ሰዓት ምጣድ ሲጥድ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ያቃስታል፤ አምፖሉ ሲደበዝዝ ምጣዱ በየት ቤት እንደተጣደ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ የኤሌክትሪክ መኪናም እየበዛ ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚጋግርና መኪናውን የሚሞላ ሰው በርካሽ እንዲከፍል የሚያደርግ ቆጣሪና ታሪፍ ቢኖር ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ሰው በትዕዛዝ ሰዓቱን አይቀይርም፣ በዋጋ ግን ይቀይራል።

ጎን ለጎን ሲታዩ

| አማራጭ | ፍጥነት | ቆይታ | ኢነርሺያና ቮልቴጅ | ለመገንባት | መቼ ይከዳል |
|---|---|---|---|---|---|
| ግድብ | ከሰከንዶች እስከ ደቂቃ | ሳምንታትና ወራት | አለው | ብዙ ዓመት፣ ያለውን ማስተካከል ግን ቶሎ ይሆናል | በድርቅ |
| ባትሪ | ከሰከንድ በታች | አብዛኛው ከ1 እስከ 4 ሰዓት | ትክክለኛ ኢንቨርተር ካለው | ከወራት እስከ ሁለት ዓመት | ጉድለቱ ከሰዓታት ሲያልፍ |
| ፓምፕድ ስቶሬጅ | ከሰከንዶች እስከ ደቂቃ | ከሰዓታት እስከ አንድ ቀን ገደማ | አለው | ብዙ ዓመት | የሚገፋበት ትርፍ ኃይል ሲጠፋ |
| ጋዝ | ደቂቃዎች | ነዳጅ እስካለ | አለው | ጥቂት ዓመት | አቅርቦቱ ወይም ዶላሩ ሲቋረጥ |
| የጎረቤት መስመር | ፈጣን | ጎረቤት እስካለው | እንደ መስመሩ ዓይነት | ብዙ ዓመት | ሁሉም በአንድ ጣቢያ ሲያልፍ |
| ሲንክሮነስ ኮንደንሰር | ወዲያው | ኢነርሺያው ለሰከንዶች፣ ቮልቴጅ መያዙ እየዞረ እስካለ | ዋና ሥራው ነው | ጥቂት ዓመት | የጎደለው ኃይሉ ራሱ ሲሆን |
| ፍላጎት ማንቀሳቀስ | ከሰከንዶች እስከ ደቂቃ | ሰዓታት | የለውም | ወራት | ውሉ ሳይከበር ሲቀር |

ለማን የቱ ይሻላል?

*ትልልቅ ግድብ ላለውና ገንዘቡ ውስን ለሆነ አገር፣* ማለትም ለእኛ። ለግሪዱ ባትሪ አሁን የመጀመሪያው ግዢ አይደለም። የመጀመሪያው ገንዘብ ወደ ማስተላለፊያ መስመርና ማከፋፈያ ጣቢያ ይሂድ፤ ግድቡ ኃይል ይዞ ከተማው የሚጨልመው በአብዛኛው እነዚህ ስለሚጎድሉ ነው። ሁለተኛው ገንዘብ የግድቦቹን ተርባይን ከነፋሱ ጋር በቅጽበት የሚያናብብ መቆጣጠሪያ ላይ ይሁን። ሦስተኛው በጋ ላይ የሚያመርት ተጨማሪ ነፋስና ፀሐይ ነው፣ ውሃውን ለድርቅ ዓመት እንዲያቆይልን።

*ነፋሱ ሩቅ፣ መስመሩ አንድ ለሆነበት፣* እንደ ኬንያ። ችግሩ የሰከንድ ነው። እዚህ ላይ ባትሪ ዋጋውን ይመልሳል፤ ትልቁ ነጠላ ጉድለት ሲከሰት ሌላው ማመንጫ እስኪደርስ የሚይዝ፣ ለግማሽ ወይም ለአንድ ሰዓት የሚበቃ። ከዚያ ጎን ለጎን ሁለተኛ መስመር በሌላ ጣቢያ።

*ፀሐይ ለበዛበትና ማታ ለሚጨናነቅ።* የአራት ሰዓት ባትሪና የሰዓት ታሪፍ። ገደላማ ቦታና ትዕግሥት ካለ ፓምፕድ ስቶሬጅ።

*የሚያሰጋው ድርቅ ለሆነ።* ማከማቻ አይግዛ። ውሃ የማይፈልግ ማመንጫ ይጨምር፤ ነፋስ፣ ፀሐይ፣ የከርሰ ምድር እንፋሎት። ኬንያ ኦልካሪያ ላይ ያላት እንፋሎት ዝናብ ቢቀርም አይቀርም። እኛም አሉቶ ላንጋኖን ይዘን ስምጥ ሸለቆ ላይ ተቀምጠናል።

*ከግሪድ ለራቀች ከተማ።* ፀሐይና ባትሪ፣ ደመና ለተከታታይ ቀናት ሲቆይ ደግሞ ትንሽ ናፍጣ ጄኔሬተር። መቶ በመቶ በባትሪ ለመሸፈን መሞከር ወጪውን ያንረዋል፤ የመጨረሻዋ አሥር በመቶ ናት ብዙውን ገንዘብ የምትበላው።

*ለፋብሪካና ለሆስፒታል።* ሁለት ነገር አታቀላቅሉ። የመጀመሪያዎቹን ሰከንዶች የሚይዘው ባትሪ ነው፣ ሰዓታቱን የሚሸከመው ጄኔሬተር ነው። ጄኔሬተር ብቻ ከሆነ እስኪነሳ ማሽኑ ይቆማል። ባትሪ ብቻ ከሆነ መብራት ግማሽ ቀን ሲጠፋ ያልቃል።

*ገንዘብ ጨርሶ ለሌለው።* ደቡብ አውስትራሊያን ከጣሉት ነገሮች አንዱ ቅንብር ነው፣ ኮምፒውተር ላይ የተሞላ ቁጥር። ከአደጋው በኋላ በብዙዎቹ ላይ ተስተካከለ፣ ወጪውም ከባትሪ ጋር አይወዳደርም። የሁሉንም የነፋስና የፀሐይ ማመንጫ ቅንብር መሰብሰብ፣ ቮልቴጅ ሲዋዥቅ ቶሎ እንዳይወጡ ማስገደድ፣ የግሪድ ደንብ አውጥቶ ያላሟላውን አለማገናኘት፣ መስመር ሥር ያለውን ዛፍ መቁረጥ፣ አገር ሲጨልም የትኛው ግድብ ቀድሞ እንደሚነሳ በዓመት አንዴ እውነተኛ ልምምድ ማድረግ። ይህ ሁሉ በብር የሚሠራ ሥራ ነው።

ሻጭ ወይም አማካሪ ፊት ስትቀመጡ ደግሞ እነዚህን ጠይቁ። ስንት ሜጋ ዋት ብቻ ሳይሆን ስንት ሜጋ ዋት ሰዓት ነው? በ40 ዲግሪ ሙቀት ስንት ይቀራል? ከአሥር ዓመት በኋላስ? ግሪዱ ሞቶ ሳለ ራሱን ያስነሳል? ከየትኛው ጣቢያ ጋር ነው የሚገናኘው፣ ያ ጣቢያ ሲወጣ ሌላ ምን አብሮ ይወጣል? መለዋወጫው ከየት ይመጣል፣ በስንት ጊዜ፣ በማን ምንዛሪ? የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ግልጽ መልስ በጽሑፍ ካልሰጧችሁ ውሉን አትፈርሙ።